የርቢ ባዝራ

ሕይወት እባላለሁ። የዳንግላ ልጅ ነኝ፤ የምሠራው ግን እንጅባራ ነው። ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «የሞተ ድርጅት እገንዛለሁ» እላለሁ። ሰው ይስቃል፤ እኔ ግን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ፍርድ ቤት አንድ ማህበር ይፍረስ ብሎ ሲወስን ሒሳብ አጣሪ ይሾማል። አጣሪው የማህበሩን ንብረት ይሰበስባል፣ ይሸጣል፣ ለባለመብቶቹ እንደየድርሻቸው ያከፋፍላል፤ በመጨረሻም የማህበሩን ስም ከመዝገብ ያሰርዛል። ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ሥራ አስኪያጁም ሆነ ባለድርሻው ከማህበሩ ንብረት አንዲት ምስማር እንኳ አንስቶ ለሰው መስጠት አይችልም። ቢሰጥም እንዳልሰጠ ይቆጠራል፤ ፍርድ ቤቱ ነገሩን አይቶ «ይሁን» ካላለ በቀር።

በዚህ ሕግ ላይ ቅሬታ የለኝም። ጥሩ ሕግ ነው። የሚቸግረኝ ነፍስ ያለው ንብረት ሲገጥመኝ ነው። ምስማር አይርበውም፣ አይወልድም፣ ሲጠሩትም ዞር ብሎ አያይም።

ይህኛው ድርጅት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የተቋቋመ የሽርሽር ማህበር ነበር። ሥራ አስኪያጁ መሳፍንት የሚባል አፈ ጮሌ ወጣት ነው። የአካባቢውን ሰው አሰባስቦ፣ አንዱን ገንዘብ፣ አንዱን እንጨት፣ አንዱን ፈረስ አስዋጥቶ ማህበር አቆመ። ሐይቁን ቁልቁል ከሚያይ ቦታ ላይ የቀርከሃ ጎጆዎች አሠራ። ሦስት ፈረሶችም ነበሩት፤ እንግዳው በፈረስ እየዞረ ፎቶ ይነሳባቸዋል። መጀመሪያ ላይ ሥራው ይዞለት ነበር፤ የሠርግ ሚዜዎች ሳይቀሩ በሚኒባስ ተጭነው ይመጡ ነበር። ኋላ መንገዱ አንድ ሰሞን እየተከፈተ አንድ ሰሞን እየተዘጋ እንግዳው ቀረ። ጎጆዎቹን የሠራው የቀርከሃ ባለሙያ ገበየሁ ለድካሙ የሚከፍለው አጥቶ ተመላለሰ፤ ሲሰለቸው ከሰሰ። ሌሎችም ተከተሉት። ሰኔ ላይ ማህበሩ እንዲፈርስ ተወሰነ። መጀመሪያ የተሾሙት አጣሪ ታመው ሥራውን ሳይጀምሩ ስለለቀቁ፣ ክረምቱ ሲያልፍ እኔ ተሾምኩ።

መስከረም ላይ ንብረቱን ልቆጥር በባጃጅ ሄድኩ። ጭጋጉ ገና አልለቀቀም ነበርና ጎጆዎቹን ያየኋቸው ልደርስባቸው ስል ነው። በረቱ ውስጥ ያገኘሁት አንድ ፈረስ ብቻ ነው፤ የጎን አጥንቱ ይቆጠራል።

«ሁለቱስ?» አልኩት የግቢውን ጥበቃ።

«አንዱ ሞተ። መሳፍንት ወደ ባህር ዳር ከሄደ ወዲህ መኖ የሚያመጣለት ሰው አልነበረም። እኔ ያጨድኩት ሣር አላዳነውም። ባዝራዋን ግን ባለቤቷ ፈትቶ ወስዷታል።»

«ባለቤቷማ ማህበሩ ነው።»

«እሱን እንጃልሽ። እኔ የማውቀው አያ ሽመክትን ነው። ሐምሌ ላይ፣ በቀን፣ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ነው የፈታት።»

በሥራዬ ላይ የሸሸ ንብረት ብዙ አይቻለሁ። ጨለማ ለብሶ ከግቢ የሚወጣ መኪና አለ፤ በአክስት ስም የሚዞር መጋዘን አለ። በሽማግሌ ታጅቦ፣ ሰው እያየው የወጣ ንብረት ግን ይህ የመጀመሪያዬ ነበር። ተናደድኩ ማለት አልችልም፤ ግራ ገባኝ እንጂ።

የአቶ ሽመክት ቤት ከሐይቁ በስተጀርባ ነው፤ በእግር መንገድ ይኬዳል። ጫማዬ ጭቃ ጠግቦ ስደርስ ባዝራዋ አጥሩ ሥር ታስራ አየኋት። ዳማ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት። አጠገቧ እግሯ ገና ያልጠና ውርንጭላ ቆማለች። ስለ ውርንጭላ ማንም አልነገረኝም፤ በማህበሩ ወረቀት ላይም የለችም።

አቶ ሽመክት ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው በጥር የፈረስ በዓል ላይ የሚቀድማቸው አልነበረም ይባላል። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታለማሁ በሩ ላይ ተቀምጠው የዘር ድንች ይለቅማሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ቀና ብለው አዩኝ።

«ለዚያ ሰውዬ ወንበር እንዲያወጣልሽ ንገሪው» አሉኝ። ሰውዬው ከእሳቸው የቆሙት ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ነው።

አቶ ሽመክት እንደለመዱት ሆነው ወንበሩን አወጡ።

«ባዝራዋን ፈትተው ወስደዋታል ይባላል» አልኳቸው ስቀመጥ።

«ወሰድኳት እንጂ። ርቢ ያዥ ከብቱን ካስራበ ባለቤቱ ፈትቶ ይወስዳል። እኔ ተሸሽጌ አልሄድኩም፣ ምስክር ይዣለሁ። መሳፍንትም በስልክ ‹ውሰዳት› ብሎኛል፤ የወንድሜ ልጅ ነው። ምን አጠፋሁ?»

ለማያውቀው ሰው ርቢ ማለት ይህ ነው፦ ከብት ያለው ሰው ግጦሽ ወይም ጉልበት ሲያንሰው ከብቱን ለሌላ ይሰጣል። ያዡ እያበላ እያጠጣ ይጠቀምበታል። ከብቲቱ ስትወልድ ልጇን ሰጪና ያዥ እኩል ይካፈላሉ። እናቲቱ ግን ምን ጊዜም የሰጪው ናት፤ ያዡ ቢበድላት ባለቤቷ ሽማግሌ ይዞ ሄዶ ይፈታታል እንጂ ማንንም አያስፈቅድም። አቶ ሽመክት ባዝራቸውን ለማህበሩ ሲሰጡ በልባቸው የነበረው ይህ ነው።

የማህበሩን መመሥረቻ ጽሑፍ አውጥቼ አሳየኋቸው። በስማቸው ትይዩ «በዓይነት የተዋጣ፦ አንዲት ዳማ ባዝራ» ይላል።

«ፊርማው የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው። ርቢ ድሮ በምስክር ነበር፤ አሁን ዘመኑ ሠልጥኖ በወረቀት ሆነ ብዬ ፈረምኩ።»

ልስቅ ፈልጌ ነበር፤ ፊታቸውን ሳይ ተውኩት። «ርቢ አይደለም፣ አባት» አልኳቸው። «ባዝራዋን ለማህበሩ ሰጥተው በምትኳ የማህበሩን ድርሻ ወስደዋል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማህበሩ ናት። ማህበሩ ይፍረስ ከተባለ በኋላ ደግሞ መሳፍንት ‹ውሰዳት› የማለት ሥልጣን አልነበረውም።»

«የወሰድኩት ድርሻ ታዲያ የታለ?»

«ድርሻው በማህበሩ ውስጥ ነበር። አሁን የተረፈ ነገር ያለ አይመስለኝም።»

«ባዝራ ሰጥቼ ባዶ እጄን ቀረሁ በይኛ።»

«ንገሪው፣ ንገሪው» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ ከድንቹ ቀና ሳይሉ።

አቶ ሽመክት ተነሥተው ወደ ውርንጭላዋ ሄዱና አንገቷን ዳበሱ። «ይችን ደግሞ ጻፊያት» አሉኝ። «እናቷ ያረገዘቻት እዚያ እናንተ ዘንድ ሳለች ነው። እዚህ ብትወለድም እኩል ነን። ግማሿ የማህበሩ ናት።»

ዝም ቢሉ አላውቅም ነበር። ጻፍኩ።

ሊሸኙኝ አጥሩ ድረስ ሲወጡ የባለቤታቸውን ነገር አነሡልኝ፤ እኔ ለመጠየቅ አልደፈርኩም። የዚህች ባዝራ ቅድመ አያት ወይዘሮ እታለማሁ ሲዳሩ ከአባታቸው ቤት አብራ የመጣች ናት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግቢ የተወለዱት ሁሉ የእሷ ዘር ናቸው፤ ወይዘሮ እታለማሁ ከልጆቻቸው እኩል አሳድገዋቸዋል። አቶ ሽመክት ይችን ለመሳፍንት ሲሰጧት ሚስታቸውን አልጠየቁም። «ሳትሰማ ነው የሰጠኋት» አሉኝ። «ስትሰማ ‹ርቢ ነው፣ ትመለሳለች› አልኳት። እስክትመለስ አላናግርህም አለችኝ። ሐምሌ ላይ ባዝራዋን ይዤ ስገባ እንኳ የአጣሪ ወሬ ሰምታ ነበርና ‹እስቲ ነገሩ ይርጋ› ብላ ቆየች። አሁን አንቺ መጣሽ። ይችን ባዝራ ከወሰዳችኋት ይች ሴትዮ እስክሞት አታናግረኝም።»

ወደ እንጅባራ ስመለስ መንገዱን ሙሉ የማስበው እንዴት አድርጌ ባዝራዋን እንደምረሳት ነበር። ሰው እቃ ይረሳል፣ አጣሪም ሊረሳ ይችላል። አንዲት ባዝራ ምን ታክል ናት እያልኩ ራሴን አባበልኩ።

በማግስቱ ገበየሁ ቢሮዬ መጣ። እጁ ቀርከሃ የሰነጠቀው፣ ደግሞ የጠገገ፣ ደግሞ የሰነጠቀው እጅ ነው። የመጣው ተቆጥቶ አይደለም፤ ረጋ ብሎ ነው፤ ለዚህም ነው የከበደኝ።

«አያ ሽመክት ባዝራዋን እንደወሰደ ሰማሁ» አለኝ። «ጥሩ ሰው ነው፤ እኔም አውቀዋለሁ። ግን እንዲያ ከሆነ እኔም ሄጄ ቀርከሃዬን ልንቀላ። ጎጆዎቹን ያቆምኳቸው እኔ ነኝ። ማገሩ የኔ፣ ድካሙ የኔ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቤቴ ሲያፈስ ‹ፍርድ ቤት ያለው ነገር አለ፣ ወረፋ እንጠብቅ› ብዬ እኮ ነው የተቀመጥኩት። ባዝራ ስለምታሳዝን ነው እሱ የማይጠብቀው? ቀርከሃ ስለማያሳዝን ነው እኔ የምጠብቀው?»

ከዚህ ወዲያ ሕጉ ምን እንደሚል ማንም ሊያስረዳኝ አያስፈልግም ነበር። አንዱ የሚያሳዝነውን አቅፎ ሲሄድ፣ ሌላው የማያሳዝነውን ይዞ ከደጅ እንዳይቀር ነው ሁሉም በአንድ በር ይግባ የተባለው። ገበየሁ ሲወጣ ኮምፒውተሬን ከፈትኩና አቤቱታውን ጻፍኩ፦ ርክክቡ የተፈጸመው ማህበሩ እንዲፈርስ ከተወሰነ በኋላ ስለሆነ ዋጋ የለውም ተብሎ ባዝራዋ እንድትመለስልኝ። ስፈርም ልቤ አላገዘኝም፤ እጄ ግን ፈረመ።

ችሎቱ ኅዳር ላይ ተሰየመ። ዳኛ አወቀ የአዘና ሰው ናቸው፤ ሲናገሩ አይቸኩሉም፤ ጠበቆች ይህን አይወዱላቸውም። አቶ ሽመክት በአንድ በኩል ተቀመጡ። ወይዘሮ እታለማሁ በማዶው አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ለብቻቸው ተቀመጡ። ለማያውቃቸው ሰው ሊካሰሱ የመጡ ይመስሉ ነበር። ገበየሁ ከኋላ ነበር።

ዳኛው አቤቱታዬን ካነበቡ በኋላ አቶ ሽመክትን ጠየቁ። እሳቸውም ምንም ሳያስቀሩ ተናገሩ፤ ርቢ መስሏቸው እንደሰጡ፣ ስትራብ አይተው እንደፈቱ፣ ማን ማን ምስክር እንደነበረ። ዳኛው ወደ እኔ ዞሩ።

«የቀሩት ሁለት ፈረሶች እንዴት ሆኑ?»

«አንዱ በክረምቱ ሞቷል። ሁለተኛው ከስቶ ነበር፤ በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሸጬዋለሁ።»

«ስለዚህ ባዝራዋ እዚያው ብትቆይ ኖሮ?»

«ትሞት ነበር ብዬ አስባለሁ» አልኩ። አቤቱታ አቅራቢ እንዲህ አይናገርም፤ ግን እውነቱ ይኸው ነበር።

ዳኛው ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው ለአቶ ሽመክት አስረዷቸው። «ልብ ብለው ይስሙኝ፣ አባት። ማህበር ይፍረስ ከተባለ በኋላ የተደረገን የንብረት ርክክብ ይህ ፍርድ ቤት ዋጋ የለውም ሊል ይችላል። ሁኔታውን መዝኖ ሊያጸድቀውም ይችላል፤ በዚህ በዚህ መልኩ ይሁን ብሎም ሊወስን ይችላል። ይህን የማደርገው ግን ባዝራዋ የማህበሩ ከሆነች ነው። መጀመሪያውኑ የማህበሩ ካልነበረች የምንነጋገርበት ነገር የለም፤ ይዘዋት ይሄዳሉ። ከየት ነው ያገኟት?»

«ከሷ አባት ቤት የመጣች ዘር ናት» አሉ አቶ ሽመክት በእጃቸው ወደ ማዶ እያመለከቱ። «ስትዳር ይዛት ነው የመጣችው። የቅድመ አያቷን ማለቴ ነው።»

ነገሩ ለእኔም ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ባዝራዋ የሚስቲቱ የግል ሀብት ከሆነች፣ ባልየው የራሳቸው ያልሆነ ነገር ነው ያዋጡት ማለት ነው። እንግዲያ ማህበሩ አንድም ቀን የባዝራዋ ባለቤት አልሆነም። አቤቱታዬ ይወድቃል፤ ባዝራዋም ወደ ቤቷ ትገባለች። የተሟገተኝ ሳይሆን የራሴ ወገን የሚያሸንፍ ይመስል ተስፋ አደረግኩ። ከኋላዬ ገበየሁ ሲቁነጠነጥ ይሰማኛል።

ዳኛው ወይዘሮ እታለማሁን ወደ ፊት ጠሯቸው። ቃለ መሐላ ካስፈጸሟቸው በኋላ ጥያቄውን ቀስ አድርገው፣ ምንም ሳይደብቁ አስቀመጡላቸው። «እናት፣ የሚሉት ነገር ውጤት አለው። ባዝራዋ ከአባትዎ ቤት በመጣችው ዘር የእርስዎ የግል ንብረት ናት ካሉ፣ ባለቤትዎ ያለ ፈቃድዎ የሰጧት ስለሆነ ማህበሩ አያገኛትም። የሁለታችሁ የጋራ ናት፣ በመሰጠቷም ተስማምቻለሁ ካሉ ግን የማህበሩ ትሆናለች። ባዝራዋ የማን ናት?»

ወይዘሮ እታለማሁ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ወደ ባላቸው አላዩም።

«የኔ ናት ብል፣ እሱ ምን ሊባል ነው?» አሉ።

«አልገባኝም፣ እናት።»

«የሰው ከብት ሰርቆ ሰጠ ሊባል ነዋ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት። ጌታዬ፣ እኔ ከእሱ ጋር ያረጀሁ ሰው ነኝ። ያችን ባዝራ እኔ ሳጠጣ እሱ ያጭድ ነበር። ስታምጥ ሁለታችንም ነን የምናድረው። ከአባቴ ቤት መጣች እንጂ የኔ ብቻ ብያት አላውቅም። የኛ ናት።»

«ሲሰጧት ጠይቀውዎት ነበር?»

«አልጠየቀኝም። ያ የኔና የእሱ ጉዳይ ነው፤ ቤታችን እንጨርሰዋለን። ለሱ ፍርድ ቤት አልመጣሁም።»

«እንግዲያ አልተስማሙም ብዬ ልጻፍ?»

«እሱ አልጠየቀኝም፤ ይኸው እርስዎ ጠየቁኝ» አሉ። «እሱ ከሰጠ ሰጥተናል። እንዲያ ብለው ይጻፉ።»

ዳኛው ጻፉ። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። ዓይኔ እንባ አቅርሮ ነበር፤ አጣሪ ችሎት ላይ ማልቀሷ ደግሞ ለማንም አይጠቅምም። አቶ ሽመክት ራሳቸውን አቀርቅረው፣ ባርኔጣቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ወይዘሮ እታለማሁ ወደ ቦታቸው ሲመለሱ በአጠገባቸው አለፉ፤ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

«አቶ ሽመክት፣ የሚጨምሩት አለ?» አሉ ዳኛው።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንግዲህ ገባኝ፣ ጌታዬ። ባዝራዋ ከፈረምኩ ጀምሮ የማህበሩ ናት። እኔ ርቢ ሰጪ ነኝ ብዬ ነበር፤ አይዶለሁም። ከሐምሌ ወዲህ ያበላኋትም ያዋለድኳትም የሰው ባዝራ ነው። ርቢ ያዡ እኔ ነኛ።» እንደገና አሰቡ። «እናቲቱ ትሂድ። ውርንጭላዋን ግን እኩል ነን፤ በርቢው ሕግ።»

ዳኛ አወቀ ፈገግ ያሉ መሰለኝ፤ አልማልበትም። ወደ ኋላ ተመልክተው ገበየሁን አስነሡት። «አንተ ከባለመብቶቹ አንዱ ነህ። ውርንጭላዋ ግማሿ ለማህበሩ ከሆነ ተሸጣ ለናንተ የሚደርሳችሁ ነገር ይኖራል። ምን ትላለህ?»

ገበየሁ የእጁን መዳፍ አየ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ይቀርብልኛል ብሎ አልጠበቀም ነበር።

«ባዝራዋ መመለስ አለባት» አለ። «እሷ ላይ አልደራደርም። ግን ክረምቱን ሙሉ የቀለባት እሱ ነው፤ ማንም አልረዳውም። የርቢ ያዥን ድርሻ መከልከል ነውር ነው። የመኖውን ድካም ከደመርንበት ደግሞ የቀረችው ግማሽ ለሱ ብትሆን የሚቆረቁረኝ የለም። ውርንጭላዋ ትቅርለት።»

ቢሮዬ መጥቶ «ቀርከሃዬን ልንቀል» ያለው ሰው ይኸው ነው። ሰውን በአንድ ቀን አየሁት ብሎ መጨረስ ሞኝነት እንደሆነ ሃያ ጊዜ ተምሬ ሃያ ጊዜ እረሳለሁ።

ውሳኔው አጭር ነበር። ባዝራዋ የማህበሩ ንብረት ናት፤ መሳፍንት ለአቶ ሽመክት መስጠቱ ዋጋ የለውም። ሆኖም አቶ ሽመክት በቅን ልቦና ወስደው ንብረቱን ከጥፋት ያዳኑ ስለሆነ፣ ውርንጭላዋ ለድካማቸውና ለመኖው ለእሳቸው እንድትሆን ፍርድ ቤቱ አጽድቋል። ውርንጭላዋ ጡት እስክትጥል ሁለቱ እንዳይለያዩ፣ ባዝራዋም እስከዚያው በአቶ ሽመክት እጅ በአደራ እንድትቆይ ታዘዘ። ከዚያ በኋላ አጣሪዋ ተረክባ ትሸጣለች። አጣሪዋ እኔ ነኝ።

ጥር ሃያ ሦስት ፈረሰኛው እንጅባራ ላይ ሲሰበሰብ አቶ ሽመክትን ሰው መሐል አየኋቸው። በእግራቸው ነው የመጡት። ባዝራዋ ቆማ ሳለች ለምን በእግር እንደመጡ ስጠይቃቸው፣ ይህን የምጠይቅ መሆኔ አስገረማቸው። «የአደራ እኮ ናት» አሉኝ። «ያውም የምታጠባ። በሰው ንብረት ልጨፍርበት?» ፈረሶቹ አፈር እያነሡ ሲያልፉ እስከ መጨረሻው በዓይናቸው ሸኟቸው። ባለቤታቸው እንዴት እንደሆኑ ስጠይቃቸው «እንደዛው ናት፤ ለውርንጭላዋ ታወራለች» አሉኝ።

ውርንጭላዋ ጡት ከጣለች በኋላ በወጣው ጨረታ አቶ ሽመክትም መጥተው ነበር። እጃቸውን አወጡ፤ ዋጋ እየጨመሩ ጥቂት ሄዱ፤ ሲበዛባቸው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወደ ኋላ ተቀመጡ። ባዝራዋን የገዛት አንድ የዳንግላ ፈረሰኛ ነው፤ ነገሩን የሚያውቅ፣ ለከብት ርኅሩኅ ሰው ይመስላል። ደረሰኙን ጻፍኩለትና ለመረከብ አብረን ወደ ዘንገና ሄድን። ግንቦት ነበር፤ የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ አፈሩ ይሸታል።

ባዝራዋ ታጥባ፣ ጋማዋ ተበጥሮ ጠበቀችን። ጀርባዋ ላይ ግላስ ተደርጎላታል፤ በበዓል ቀን ብቻ የሚወጣው፣ ጥለት ያለው የፈረስ ልብስ። ለአጣሪ የሚያስረክበውን ንብረት ማን እንዲህ ያጥባል? ጥያቄዬን ለራሴ ያዝኩት። ውርንጭላዋ አድጋለች፤ አጥሩ ሥር በገመድ ታስራ እግሯን ትመታለች።

አቶ ሽመክት ገመዱን አምጥተው ለእኔ ሊሰጡኝ ሲሉ ወይዘሮ እታለማሁ ተቀበሏቸው። ግላሱን ከባዝራዋ ጀርባ አወረዱ፤ አጣጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉት። ከዚያ የባዝራዋን ግንባር በግንባራቸው ነክተው በአካባቢው ቋንቋ፣ በአውኝ፣ አንድ ነገር ተናገሩ። ረጅም ነበር። እኔ አውኝ አልችልም። ገመዱን በቀኝ እጃቸው ሰጡኝ።

«ምን አሉኝ?» አልኳቸው አቶ ሽመክትን ቀስ ብዬ።

«ላንቺ አይዶለም» አሉኝ። «ለባዝራዋ ነው።»

ገዢው ባዝራዋን ይዞ ወደ መንገዱ አቀና። ገና በሩን ሳታልፍ ውርንጭላዋ ጮኸች። ባዝራዋ ቆማ ዞረች፤ ሰውዬው ጎተታት፤ ውርንጭላዋ ገመዱን በጥሳ መሮጥ ጀመረች። አቶ ሽመክት ተሯሩጠው ጀርባዋን ሊይዙ ሲሉ ተንሸራተተችባቸው።

«እንዲያ አይዶለም» አሉ ወይዘሮ እታለማሁ። «አንገቷን ያዝ፤ በጀርባዋ አትያዝህም። አንተ አንገቷን፣ እኔ ጋማዋን።»

አቶ ሽመክት አንድ አፍታ ቀጥ ብለው ቆሙ። ከዚያ እንደተባሉት አንገቷን አቀፉ። ወይዘሮ እታለማሁ ግላሱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጋማዋን ያዙ። እኔ ባዝራዋን ተከትዬ ወጣሁ። ከአጥሩ ወዲያ ሆኜ ዘወር ስል፣ ሁለቱም ውርንጭላዋን ከግራና ከቀኝ ይዘው፣ ወይዘሮ እታለማሁ ባላቸውን ገመዱ እንዴት እንደተበጠሰ እየጠየቋቸው ነበር።